እትዬ ጥሩወርቅ ቃላቸውን የለወጡበት ችሎት

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለረጅም ዓመታት የማውቃት አንዲት ሴት «ለመሆኑ ሰናይት፣ ሥራሽ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተቀየምኳትም። ግማሹ የኮሎምበስ ሐበሻ አስተርጓሚ እመስለው ነበር፤ ሌላው ደግሞ ፖሊስ ናት ብሎ ስመጣ ወሬውን ያቋርጣል።

«መርማሪ ነበርኩ» አልኳት።

«ለመንግሥት?»

«አይ፣ ለተከላካይ ጠበቃ። ባልሠሩት ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች አሉ። የእነሱን ጉዳይ እንደገና እናይ ነበር።»

ትንሽ አሰበችና «ካልሠሩ ታዲያ ለምን ተፈረደባቸው?» አለችኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ ልመልስላት ሞከርኩና አልቻልኩም። እዚህ ግን ጊዜ አለኝ።

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ የመጣነው በሱዳን በኩል ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሕፃን ልጃችን። መጀመሪያ ዋይትሆል አንድ አፓርትመንት ተከራየን። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እንደ ሁሉም ሰው ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን፣ ገባሁ። ካርቶን ሳነሣ ወገቤ አልችል ሲለኝ፣ አብራኝ የምትሠራ ጋናዊት ዳውንታውን ያለ አንድ ትንሽ የጠበቃ ቢሮ ስልክ የሚያነሣ ሰው እንደሚፈልግ ነገረችኝ። አዲስ አበባ አስተማሪ ስለነበርኩ እንግሊዝኛዬ መጥፎ አልነበረም። ጠበቃው ሃሪስ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራቫቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚዞርበት ሰው። ኢንተርቪው ሲያደርገኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሰው ቢያለቅስብሽ ስልኩን ትዘጊያለሽ?»

አልዘጋም አልኩት። ደመወዙ ከዌርሃውሱ ያንስ ነበር፤ ግን ወንበር ነበረው።

የሚደወለው ከእስር ቤት ነው። አንድ ነገር ልደብቅ አልፈልግም፤ «አልሠራሁም» የሚል ሁሉ ያልሠራ አይደለም። ሃሪስም ይህን ያውቃል። ከብዙው ጥቂቱን፣ ያውም ወራት አጥንቶ፣ ነበር የሚይዘው። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተማርኩት ማዳመጥን ነው። የሠራው ሰው ብዙውን ጊዜ ስለ ሕጉ ያወራል፤ ዳኛው ይህን ከለከለ፣ ጠበቃዬ ያንን ረሳ ይላል። ያልሠራው ደግሞ ስለዚያ ቀን ያወራል፤ የት እንደነበረ፣ ማን እንዳየው፣ ምን በልቶ እንደነበር። በተያዘበት ሰዓት ላይ ቆሞ የቀረ ይመስላል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ባልልም ጆሮዬ የተከፈተው በዚህ ነው።

ከስልክ ጠረጴዛው ያነሣችኝ ሚስ ኦፓል ናት። የቢሮው መርማሪ ነበረች፤ በዕድሜ የገፋች ጥቁር አሜሪካዊት። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እላት ነበር፤ እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው እንዲሁ ቀረሁ። አብሯት የሚሠራው ሰው ሥራውን ሲለቅ፣ ብቻዋን ምስክር ማነጋገር ስለማትወድ «ነይ፣ ኮትሽን ያዢ» አለችኝ። «ብቻዬን ብሄድ፣ ሰውዬው ነገ ‹እንዲህ አላልኩም› ቢል የእኔ ቃል ከእሱ ቃል ጋር ይጋጫል፤ ሁለት ሆነን እንሄዳለን» አለች። ያን ቀን ከወንበሩ ተነሣሁ፤ ዳግመኛ ስልክ ላይ አልተመለስኩም።

አሠራሯን ዛሬም እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። መኪናዋን ከምስክሩ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አታደርግም፤ ጎረቤት «ማን መጣብህ?» እንዳይለው። ሸሚዟ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። በር ታንኳኳና ወዲያው ከደረጃው ትወርዳለች። የከፈተው ሰው ቁልቁል ሲያያት አይፈራትም። ከዚያ ሙሉ ስሟን፣ ለማን እንደምትሠራና ማንን ለመርዳት እንደመጣች በግልጽ ትናገራለች። «አታልለን ከገባን፣ ችሎት ላይ ያው ማታለል ይነሣብናል» ትለኝ ነበር። በሩ ከተዘጋባት አመስግና ትሄዳለች፤ በሌላ ቀን ትመለሳለች።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ዝምታን ነው። «የምንፈልገውን ቃል እኛ ከተናገርነው አለቀለት። ከእነሱ አፍ መውጣት አለበት» ትል ነበር። ለመጠየቅ የቸኮለች ሲመስላት ከቦርሳዋ የሚንት ከረሜላ አውጥታ አፏ ውስጥ ትከታለች። ሟሙቶ እስኪያልቅ ቃል አይወጣትም። እኔም ለመድኩት፤ የጥርስ ሐኪሜ አልወደደውም እንጂ።

ልጄ አድጋ ሥራዬ ሲገባት «ማም፣ ዛት ኢዝ ክሬዚ! የማታውቂው ሰው በር ላይ?» ትለኝ ነበር። ቢሮው ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ በር ላይ ቆሜአለሁ። ውሻ ለቀውብኛል፣ ኬክ ቆርሰውልኛል። የአንዱ በር ነገር ግን ከሁሉም ይለያል።

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ጋሼ ከድር የሚባሉ ሰው ሱቅ ነበራቸው። በርበሬ፣ ምስር፣ የስልክ ካርድ፣ ለስላሳ ይሸጡ ነበር። አዲስ የመጣ ሰው ሥራና ቤት የት እንዳለ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። እስላም ክርስቲያን አይሉም። አንድ በጋ፣ ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ሳለች፣ አንድ ሰው ሽጉጥ ይዞ ገባ። ሒሳብ የሚቀበሉት ሠራተኛቸው እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ጋሼ ከድር ጩኸት ሰምተው ከጓዳው ብቅ ሲሉ ሰውየው ተኮሰባቸውና ሮጠ። ጋሼ ከድር እዚያው ሱቃቸው ውስጥ አረፉ።

ከቀናት በኋላ መርማሪ ፖሊሱ ለእትዬ ጥሩወርቅ ፎቶዎች አሳያቸው። ከመካከላቸው አንዱን ጠቆሙ። ዋይን የሚባል፣ እዚያው ኮሎምበስ፣ ፍራንክሊንተን ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ጣሪያ የሚሠራ ነጭ ነበር። ቀድሞ በጥቃቅን ነገር ተይዞ ስለሚያውቅ ፎቶው ፖሊስ ዘንድ ነበረ። ሽጉጥ አልተገኘበትም። የሱቁ ባንኮኒ ላይ የተገኘው የእጅ አሻራ የእሱ አልነበረም፤ «የደንበኛ ይሆናል» ተብሎ ታለፈ። እናቱ «ያን ቀን ከእኔ ጋር ቤት ነበር» ብለው መሰከሩ፤ እናት ስለሆኑ ማንም አላመናቸውም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ችሎት ቆመው፣ በጣታቸው እያሳዩ፣ «እሱ ነው፤ ፊቱን አልረሳውም» አሉ። ሰፈሩ ሁሉ እፎይ አለ። ዋይን ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ጉዳዩ ቢሮአችን ሲደርስ ሃሪስ ሊሰጠኝ አመነታ።

«ያንቺው ማኅበረሰብ ነው። ሰዎቹ ፊት ይነሱሻል» አለኝ።

«ሌላ ሰው ብትልክ በሩንም አይከፍቱለትም» አልኩት።

ሚስ ኦፓል ሳቀችና ቁልፏን አነሣች።

መጀመሪያ የሄድነው እስር ቤት፣ ዋይን ዘንድ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳያቋርጠው የሚፈራ ይመስል፣ ያወራል። ስለ ሱቁ ስንጠይቀው ወደ በሩ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገብቼ አውቃለሁ» አለን።

«መቼ?» አለች ሚስ ኦፓል።

«ከግድያው በፊት በነበረው ሳምንት። አጠገቡ ያለውን ሕንፃ ጣሪያ እየሠራን ነበር። ሙቀቱ አይጣል ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ እገዛ ነበር። የሸጠችልኝ ያቺው ሴት ናት። የመጀመሪያው ጠበቃዬ ይህን ለማንም እንዳትናገር አለኝ። ሱቁን ስትሰልል ነበር ይሉሃል አለኝ።»

ወደ መኪናው ስንመለስ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። እትዬ ጥሩወርቅ አልዋሹም። ፊቱን በእርግጥ ያውቁታል። ፎቶውን ሲያዩ የታወሳቸው ፊት የገዳዩ ሳይሆን የውሃ ገዢው ነው። «አሁኑኑ ሄደን እንንገራቸው!» አልኩ።

ሚስ ኦፓል መሪውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ። «ውሃ የሚል ቃል ካንቺ አፍ ከወጣ ሰውየው እዚያው እስር ቤት ይሞታል። አቃቤ ሕጉ ሐበሻዋ መርማሪ ሐበሻዋን ምስክር አስጠናቻት ይላል። እውነትም ይመስላል። እሷ ራሷ ካላስታወሰችው የለም ማለት ነው።»

በዚያው በጋ፣ ግድያው በተፈጸመበት ወቅትና ሰዓት፣ ሱቁ ሄድን። ያኔ ሌላ ሰው ገዝቶት ስልክ ይጠገንበት ነበር፤ ባንኮኒው ግን ቦታው አልተቀየረም። ባለቤቱን አስፈቅደን እኔ ባንኮኒው ኋላ ቆምኩ። በሩ ወደ ምዕራብ ይከፈታል። ሚስ ኦፓል ከውጭ ስትገባ ዝቅ ያለችው ፀሐይ ከጀርባዋ ነበረች። ያየሁት ጥቁር ቅርጽ ነው፤ ትከሻና ኮፍያ። ከባንኮኒው ተጠግታ እስክትቆም ድረስ አፍንጫዋን እንኳ መለየት አልቻልኩም። ደጋግመን ሞከርነው፣ ሃሪስም መጥቶ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ «አየሁት» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማስበው ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ያኔ ሥራ አቁመው ልጃቸው ቤት ይኖሩ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው «ለዚያ ነፍሰ ገዳይ ነው የምትሠሪው? ያንቺ ቢጤ ሐበሻ!» ብለው በሩን ዘጉት። አመስግነን ሄድን። ሁለተኛም ዘጉት። በሌላ ቀን ዝናብ ስለነበር «በሉ ግቡ፣ ትታመማላችሁ» አሉን።

ያን ቀን ስለ ጋሼ ከድር ብቻ ነው ያወራነው። እንዴት ይስቁ እንደነበር፣ ረመዳን ላይ ሳምቡሳ ለክርስቲያኖቹ ሠራተኞች ያስቀሩ እንደነበር። እትዬ ጥሩወርቅ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ሚስ ኦፓል አማርኛ ባይገባትም መሐረብ አቀበለችን። ለብዙ ሳምንታት እንዲህ ተመላለስን። ስለ ፎቶው ሲነግሩኝ እንዲህ አሉ፤

«ይኼ ሳይሆን አይቀርም አልኩት። ፖሊሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ጎበዝ አለኝ። ደስ አለኝ ልጄ፤ ለጋሼ ከድር አንድ ነገር ያደረግሁ መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እያደር እርግጠኛ ሆንኩ። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ እሱ ነው።»

ከረሜላ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማል። «ፊቱን ንገሩኝ፤ ዓይንዎን ሲጨፍኑ ምን ያያሉ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቀይ ነው፤ ፀሐይ የበላው። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። እጁ ላይ ጥቁር ነገር... እንደ ሬንጅ ያለ። ፈገግ ይላል።» ዓይናቸውን ገለጡ። «ለምን ፈገግ ይላል?»

እኔም ሚስ ኦፓልም አልተንቀሳቀስንም።

«ሽጉጥ የያዘ ሰው ለምን ፈገግ ይላል? አንድ ሰው ነበር... ጎን ያለውን ቤት ጣሪያ የሚሠሩ ልጆች ነበሩ። ከሙቀቱ ብዛት ውሃ እየገዛ ደረቱ ላይ ያፈሰው ነበር...» አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «የድንግል ያለህ! ሰናይት፣ የውሃው ልጅ ነው እንዴ?»

አልመለስኩላቸውም። አልችልም። እጃቸውን ያዝኩ። ሚስ ኦፓል ምን እንደተባለ ሳልነግራት ገብቷታል፤ ቀና ብላ ጣሪያውን ታይ ነበር።

በሥራ ዘመኔ ከሁሉ የምኮራበት ሰዓት ይህ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት በምላሴ ጫፍ ላይ የነበረውን ቃል ሳልናገር እውነቱ በራሱ መንገድ መጣ። እትዬ ጥሩወርቅ በራሳቸው ጥያቄ በመሐላ ቃላቸውን ሰጡ። ጣሪያ ሠሪዎቹን ይመራ የነበረውንም ሰው አገኘነው፤ አዎ፣ ዋይን አብሮን ነበር፣ ውሃ የሚያመላልሰውም እሱ ነበር አለ። ሃሪስ አመለከተ። ችሎት ተቀጠረልን።

ከዚያ ወደቅን።

ከችሎቱ በፊት ሁለት ሰዎች ከአቃቤ ሕግ በኩል እትዬ ጥሩወርቅ ቤት መጡ። በመሐላ መዋሸት እንደሚያሳስር፣ የዛሬው ቃል ትክክል ከሆነ ያኔ የሰጡት ሐሰት እንደሚሆን ነገሯቸው። አልዛቱም፤ በትሕትና ነው የነገሯቸው። ልጃቸውም ፈራ። ሰፈሩም ሰምቷል። «የጋሼ ከድርን ደም ሸጡት» የሚል ወሬ ክሊቭላንድ አቬኑን ከላይ እስከ ታች አዳርሶታል። እትዬ ጥሩወርቅ የምስክር ወንበር ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ «ያኔ ያልኩትን ነው የምለው፤ ሌላ አላውቅም» አሉ። ሃሪስ የፈረሙትን አነበበላቸው። «ተጨንቄ ነው» አሉ። ዳኛው ማመልከቻውን ውድቅ አደረገ።

ዋይን ሲወስዱት ዞር ብሎ እናቱን አየ። እናቱ እጃቸውን አነሡለት። ያን ቀን ወደ ፍራንክሊንተን ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ድልድዩን እየተሻገርን «እኔንም እኮ ያላመኑኝ እንዲሁ ነው። ያቺን ሴትዮ አልቀየማትም» አሉኝ። ቤታቸው ስንደርስ ከመኪናው አልወረዱም። ብዙ ቆየን። ሥራዬን ልተወው ያሰብኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሚያቃጥለኝ መሸነፋችን አይደለም፤ ስህተት የሠራ ሰው ስህተቱን እንዳያርም የሚያስፈራራ አሠራር መኖሩ ነው። ፍርድ ቤቱ እርግጠኛ የሆነን ሰው ይወዳል። የተጠራጠረን ሰው ምን እንደሚያደርገው አያውቅም።

በተከታዩ ዓመት ሚስ ኦፓል ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ሥራ አቁማ ጆርጂያ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች። የስንብቱ ቀን ሃሪስ ንግግር ሲያደርግ እሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ያቺን ሴትዮ እንዳትተያት። እንዳትገፊያትም» አለችኝ። ቦታዋን ያዝኩ።

አልገፋኋቸውም። በዓመት በዓል እንኳን አደረስዎ ብዬ ኮል አደርግላቸዋለሁ፤ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልናገርም። ሃሪስ በዚህ መሐል ይግባኝ ጠየቀ። ብዙ ቆይቶ የበላይ ፍርድ ቤቱ የባንኮኒው አሻራና የፀሐዩ ነገር በቅጡ አልታየም ብሎ መዝገቡን እንደገና እንዲታይ መለሰው። ደስታችን ግን ሙሉ አልሆነም፤ በዚያው ክረምት የዋይን እናት አረፉ። ዋይን ለቀብር እንዲወጣ አልተፈቀደለትም።

የሞታቸው ወሬ እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። ብቻ አንድ ጠዋት ወይዘሮ ዘሃራ ደወሉልኝ። የጋሼ ከድር ባለቤት ናቸው። ከዚያ በፊት ስሄድባቸው ሰላምታ ሰጥተው ስለ ጉዳዩ ማውራት አልፈልግም ብለውኝ ነበር፤ አከበርኩላቸው።

«ጥሩወርቅ እኔ ዘንድ ናት። ነይ» አሉኝ።

ስደርስ ሁለቱ ሳሎን ተቀምጠዋል። እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸው አብጧል። ወይዘሮ ዘሃራ በቀጥታ ገቡበት።

«እውነቱን ንገሪኝ። ባሌን የገደለው ያ የታሰረው ሰው ነው?»

«እኔ የማምነው እሱ አይደለም ብዬ ነው።»

«እንግዲያ የገደለው ሰው ይኼን ሁሉ ዓመት በነፃነት ይሄዳል ማለት ነው?»

«አዎ። ማንም አልፈለገውም። ተገኝቷል ስለተባለ።»

ወይዘሮ ዘሃራ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ዞሩ። «ዝም ያልሽው ለእኔ ብለሽ ከሆነ፣ ለእኔ ብለሽ ተናገሪ። እኔ የሌላ እናት ልጅ በባሌ ስም ታስሮ እንዲቀር አልፈልግም። ከድርም አይፈልግም።»

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ለቅሶ ልድረስ። የልጁ እናት ሞተዋል። ቤታቸው ውሰጂኝ ሰናይት።»

ልቤ ተነካ። ግን አይሆንም ማለት ነበረብኝ። «አሁን ከሄዱ ቤተሰቡ አግባብቷት ነው ይላሉ። የሚሰጡት ቃል ሁሉ ይበላሻል። ከችሎቱ በፊት ከማንኛቸውም ጋር መገናኘት የለብዎትም። ከእኔም ጋር ከዛሬ ወዲያ የሚገናኙት ጠበቃ ባለበት ነው።»

«ለቅሶ መድረስ ወንጀል ነው?»

«የዚህ አገር ዳኛ ይህ አይገባውም፣ እትዬ።»

«እሺ» አሉ። «ይዘገያል እንጂ አይቀርም።»

የራሳቸው ጠበቃ ተገኘላቸው። በቅንነት መሳሳት በመሐላ መዋሸት እንዳልሆነ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ያን ሲሰሙ «ይኼን ያኔ የሚነግረኝ አጥቼ ነው?» አሉ።

የችሎቱ ቀን ነጭ ለብሰው መጡ። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዟል። ወይዘሮ ዘሃራ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። አስተርጓሚ ነበር፤ እኔ የሃሪስ ወገን ስለሆንኩ አፌን መክፈት አልችልም። እትዬ ጥሩወርቅ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሬንጁ፣ ስለ ውሃው፣ ትከሻቸውን መታ መታ ስላደረገው ፖሊስ፣ ባለፈው ችሎት ስለፈሩት ነገር ሁሉ ተናገሩ። አቃቤ ሕጉ ተነሣ።

«ያኔ እርግጠኛ ነበሩ። ባለፈው ችሎትም ያንኑ አሉ። ዛሬ ሌላ ይላሉ። የትኛውን እንመን?»

እትዬ ጥሩወርቅ አስተርጓሚው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ያኔ ፖሊሱ ጎበዝ አለኝ፤ ሁሉም ሰው ጎበዝ አለኝ። ባለፈው ደግሞ ፈርቼ ነው። ዛሬ ማንም ጎበዝ አይለኝም። ያገሬ ሰው ተቀይሞኛል፤ እርስዎም ይኸው ተቆጥተዋል። እኔ ያወቅሁት ውሃ የሸጥኩለትን ልጅ ነው። የገደለውን ሰው ፊቱን አላየሁትም። ፀሐይ ነበር።»

አቃቤ ሕጉ ተቀመጠ። ሃሪስ ክራቫቱን ወደ መሐል ሲመልስ አየሁት፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዳኛዋ፣ ይህች አዲስ ናት፣ ፍርዱን ከወራት በኋላ ሻረችው። አቃቤ ሕጉ እንደገና እከሳለሁ ሲል ቆይቶ ክሱን ተወው። ዋይን ወጣ። ይቅርታ የጠየቀው የለም። ጋሼ ከድርን የገደለው ሰው እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ አሻራውም የማን እንደሆነ አልታወቀም። ለሚስ ኦፓል ስደውልላት በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «ቃሉን አልሰጠሻትም አይደል?» ብላ ነው። አልሰጠኋትም አልኳት። ስልኩ ውስጥ ከረሜላ ሲሰበር ሰማሁ።

ዋይን በወጣ በሳምንቱ እትዬ ጥሩወርቅ ኮል አደረጉልኝ። «አሁንስ፣ ለቅሶ መድረስ ይቻላል?» አሉኝ። ሃሪስን ጠየቅሁት፤ «አሁን የራሳቸው ጉዳይ ነው» አለኝ። ዋይንንም ጠየቅሁት። ምን እንደሆነ ስላልገባው «ምን ላድርግ? ምን ላቅርብ?» አለኝ። «ምንም። ተቀመጥ ብቻ። የምንመጣው እናትህ ስለሞቱ ነው» አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ጥሩወርቅን ለመውሰድ ስሄድ ወይዘሮ ዘሃራም ጥቁር ሻሻቸውን አስረው አብረው ቆመዋል። የምስር ወጥ ድስት በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ማንም አልጠራቸውም። ምንም አልጠየቅኋቸውም።

ዋይን የእናቱን ቤት በር ከፈተ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። እትዬ ጥሩወርቅ ገብተው የእናቱ ፎቶ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡና ልክ እንደ አገራቸው ለቅሶ አቀርቅረው ዝም አሉ። ከቆይታ በኋላ «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ። እናትህን ነፍስ ይማር» አሉ፤ ተረጎምኩለት። ከዚያ ስለ ራሳቸው ሊናገሩ ጀመሩ። ዋይን ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ። «ችሎት ላይ ሰምቼዎታለሁ። ይበቃል» አለ።

ቀና ሲል ወይዘሮ ዘሃራን አየ። ገና አላወቃቸውም ነበር። ማን እንደሆኑ ስነግረው ቀስ ብሎ ተነሣ። በተፈረደበት ቀን ዳኛው ዝም በል ስላለው ሊላቸው ፈልጎ ያልቻለውን ነገር፣ ቆሞ አላቸው።

«እኔ ባለቤትዎን አልገደልኩም።»

ልተረጉም አፌን ስከፍት ወይዘሮ ዘሃራ እጃቸውን አነሡ። በራሳቸው እንግሊዝኛ መለሱለት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ሶፋው ላይ ጠጋ አሉለት። ዋይን አጠገባቸው ተቀመጠ።